ከቀትር እንቅልፍ እስከ ኦራስዮን

በእኛ ሰፈር የነጠላ ጫማ ዋና ሥራ ቆርቆሮ መጣል ነበር። ባዶ የወተት ቆርቆሮ መንገዱ መሃል በተሰመረች ክብ ውስጥ ይቆማል። ተረኛው አጠገቡ ሆኖ ይጠብቃል። የቀረነው ከመስመር ኋላ ቆመን ጫማችንን እያወለቅን እንወረውራለን። ቆርቆሮው ሲወድቅ ሁሉም ጫማውን ለማንሳት ይሮጣል፤ ተረኛው ደግሞ ቆርቆሮውን መልሶ ያቆምና ወደ መስመሩ ሳይገባ የደረሰበትን ልጅ ይነካል። የተነካው በፈንታው ጠባቂ ይሆናል። ይህ ቱምባንግ ፕሬሶ ነው። አንድ እግር ጫማ አድርጎ ቤት መግባት፣ ወይም ቀኙን የራስ፣ ግራውን የጎረቤት ልጅ አድርጎ መግባት የዘወትር ነገር ስለነበር እናቴ በር ላይ መጀመሪያ የምታየው እግሬን ነበር።

ሰፈሩ ማአሃስ ይባላል። ከማኒላ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በማኪሊንግ ተራራና በላጉና ሐይቅ መካከል በምትገኘው በሎስ ባንዮስ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ የደረስነው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አባቴ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የትምህርት ዕድል አግኝቶ ስለ ሩዝ ሊያጠና ነበር የሄደው። የግብርናው ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ በ1960 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ብዙ የእስያ አገሮችን የምርት ታሪክ የቀየረው አይ አር 8 የተባለው የሩዝ ዝርያ በ1966 የወጣው ከቤታችን በእግር ከሚደረስበት ማሳ ነበር። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና ስለ ማሳው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘበኛው ያባርራል።

ከኢትዮጵያ የወጣነው በዚያ ክፉ ረሃብ ማግስት ነው። የአገራችን ሥዕል በቴሌቪዥን ዓለምን አዳርሶ ስለነበር የማአሃስ ሰዎች እኛን ከማየታቸው በፊት ስለ እኛ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ቤቷን ያከራየችን አሮጊት፣ ልጅ አዋቂው ሎላ የሚላት፣ እንደ አገሩ ልማድ ያየችውን ሁሉ «በልተሃል? በልተሻል?» እያለች ነው ሰላም የምትለው። እኔን ግን ሁለት ጊዜ ትጠይቀኛለች። በልቻለሁ ብላትም አታምነኝም፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ጣፋጭ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ እስክጨርስ ቆማ ታየኛለች። እናቴ ይህ ያሳፍራት ነበር። እኔ በበኩሌ ቅሬታ አልነበረኝም።

በዚያ አገር የልጅ ቀን የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ከምሳ በኋላ ልጅ የተባለ ሁሉ እንዲተኛ ይገደዳል። እንቅልፍ ኖረም አልኖረም ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ የውጭውን ድምፅ እያዳመጡ መቆየት ግዴታ ነው። ካልተኛህ አታድግም ይላሉ። ካልተኛህ ደግሞ አትወጣም፤ የሚያስፈራው ይኸኛው ነበር። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የአንዱ ቤት በር ሲንቋቋ ይሰማል፣ ቀጥሎ የሌላው፣ ከዚያ መንገዱ በልጅ ይሞላል።

መንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ የያዘ ልጅ ነው። ለፓቲንቴሮ መስመር ይሰመራል፤ አፈሩ ላይ በዱላ፣ አስፋልቱ ላይ በከሰል ወይም ከጣሳ በቀጭኑ በሚፈስ ውሃ። ረጅም አራት ማዕዘን ሆኖ በአግድም መስመሮች ይከፋፈላል፤ መሃሉን ደግሞ አንድ ረጅም መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ጠባቂዎቹ በየአግድም መስመሩ ላይ ይቆማሉ፣ እግራቸውም ከመስመሩ መውረድ አይችልም። የመሃሉን መስመር የሚጠብቀው ፓቶቶት ይባላል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሮጥ ስለሚፈቀድለት ከሁሉም የሚፈራ እሱ ነው። የሌላው ቡድን ልጆች ሳይነኩ እስከ ዳር ዘልቀው መመለስ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከተነካ ቡድኑ በሙሉ ተራውን ያጣል።

ሕጉ ቀላል ይመስላል። ጨዋታው ግን ማታለልን የሚያስተምር ነበር፤ ይህን በበጎ ነው የምለው። አንዷ ሆን ብላ ጠባቂው ፊት ትጨፍራለች፣ ቀሚሷን ታራግባለች፣ ልትሮጥ ያለች መስላ ትመለሳለች፤ እሷን ሲያይ ሌላዋ ከኋላው ታልፋለች። ውሃው በሙቀቱ ቶሎ ስለሚደርቅ «ከመስመር ወርደሃል!» «አልወረድኩም!» የሚለው ክርክር ማለቂያ አልነበረውም። ዳኛ የለም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ኩያ እያልን የምንጠራው ልጅ የፈረደው ይጸናል፤ የእሱ ቡድን ሲጠቀም እንኳ። ፍትሐዊ አልነበረም፤ ጨዋታው ግን አይቋረጥም።

እኔ ስም ያወጣሁት በሉክሶንግ ቲኒክ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው የእግራቸውን መዳፍ ያገጣጥማሉ፤ የሌላው ቡድን ይዘላል። ቀጥሎ አንደኛው እግር በሌላው ጣት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እጅ ይጨመራል፣ ጣቶቹም እንደ እሾህ ይዘረጋሉ። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ዘላዮቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ነው ቡድኑ እናቱን የሚጠራው። እያንዳንዱ ቡድን ናናይ የምትባል አንድ ጎበዝ ዘላይ አለችው፤ ልጆቿ ሲወድቁ በእነሱ ፈንታ ትዘላለች። ከዘለለች ልጇ ዳነች ማለት ነው። ካልዘለለች የቡድኑ ነገር አበቃ። የእኔ እግር ረጅም ስለነበር በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ናናይ አደረጉኝ፤ ታጋሎግ ገና በቅጡ ሳልናገር የሦስትና የአራት ልጆች እናት ሆንኩ።

ከእኔ በፊት የነበረችው ናናይ የጭሰኛ ልጅ ናት። እኔ ከተሾምኩ በኋላም ከእኔ የበለጠች ዘላይ እሷ ነበረች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማትገኘው በተከላ ሰሞን ከእናቷ ጋር ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስለምትውል ነው። አባቷ ሳውዲ በግንባታ ሥራ ላይ ነበር። ደብዳቤ አይጽፍም፤ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልካል። ካሴቱ የመጣ ቀን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተሰብስበን እናዳምጥ ነበር፤ የእያንዳንዱን ልጁን ስም እየጠራ ትምህርት እንዴት ነው ይላል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይልና ካሴቱ ብቻ ይንሻሻል። ያ የልጅነት ሕይወት ሁሉም ማር ነበር የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህችን ልጅ አነሳለታለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ማኒላ ሰው ቤት ተቀጠረች። ከዓመታት በኋላ የእኛም አገር ልጃገረዶች ወደዚያው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲጎርፉ ሳይ የማስበው እሷን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የማልረሳው ሱንካ ነው። ጀልባ የሚመስል የተቦረቦረ እንጨት፣ በእያንዳንዱ ወገን ሰባት ጉድጓድ፣ በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ትልቅ ጉድጓድ፤ ጠጠሩ የባሕር ዛጎል ነው፣ በየትንሹ ጉድጓድ ሰባት ሰባት፣ በድምሩ 98። ሎላ ሱንካዋን ቤት ውስጥ አታስገባም። ቤት ውስጥ የተጫወቱበት ቤት ይቃጠላል ትላለች፤ ስለዚህ ማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ከሰዓት እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችው። የያዘችውን ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀረበች።

«ይኼ እኮ ገበጣ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው ያደገችው። ገበጣ የምታውቀው መሬት ላይ በተማሱ ጉድጓዶች ነው፣ ከብት ጥበቃ ላይ፣ ከወንድሞቿ ጋር። ሎላ ቦታ ለቀቀችላት። የእናቴ ታጋሎግ ከገበያ ዋጋ የማያልፍ፣ የሎላ እንግሊዝኛ ከዚያም ያነሰ ነበር፤ እኔ ላስተረጉም ብቀርብ ሁለቱም በእጃቸው ገለል አደረጉኝ። በሱንካ የመጀመሪያው ዙር ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይጀምራሉ። እናቴ ይህን ስለማታውቅ እጇን አጣጥፋ ተራዋን ስትጠብቅ የሎላ እጅ ቀድሞ ግማሹን መንገድ ሄዶ ነበር። «ተራ የለም እንዴ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሎላ ትርጉም አልፈለገችም፤ በሳቅ ፈረሰች።

ያን ቀን እናቴ ተሸነፈች። ጠጠር ሲያጥር የማይሞሉት ጉድጓዶች እንደተቃጠሉ ተቆጥረው በሚቀጥለው ዙር ባዶ ይቀራሉ፤ ከእናቴ ወገን ሦስት ቤት ተቃጠለ። በማግስቱ ተመልሳ ተቀመጠች፣ በሦስተኛውም ቀን። ዛጎሉን እጇ ላይ ሳታነሳ፣ በዓይኗ ብቻ ቆጥራ የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ ማወቅ የጀመረች ዕለት የሎላ ፊት ተለወጠ። ባሸነፈችበት ቀን ሎላ እየጮኸች ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትኩራራባት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እናቴ ለማአሃስ ሴቶች የተማሪው ሚስት መሆኗ ቀረና የሎላ ተፎካካሪ ሆነች። ብቸኝነቷን ያቀለለላት ያ እንጨት ነው ብል አላጋነንኩም።

ካደግሁ በኋላ ነገሩን ለማንበብ ሞክሬያለሁ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አውጥቶ፣ በየአካባቢው ያለውን የአጨዋወት ልዩነት መዝግቧል። በፊሊፒንስ በኩል ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ሆሴ ሳንቼዝ በ1692 ባዘጋጀው የቢሳያ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ላይ ጨዋታው ተጠቅሷል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እኔ ያየሁት የጎጃሟ ሴት እጅና የላጉናዋ ሴት እጅ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሄዱ ነው።

ብይም፣ ሰኞ ማክሰኞም፣ እቃቃም ነበራቸው፤ ስማቸው ሌላ፣ ጠቡ አንድ ነው። ለእኔ አዲስ የሆነው የሸረሪት ፍልሚያ ነው። ወንዶቹ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ከአጥሩ ቁጥቋጦ ሸረሪት ይለቅማሉ። የክብሪት ሳጥን ውስጡን በካርቶን ከፋፍለው ለእያንዳንዷ ክፍል ይሰጧታል። ከኮኮነት ቅጠል አከርካሪ ከተሠራ መጥረጊያ አንድ ስንጥር ተመዝዞ ሁለት ሸረሪቶች ከሁለት ጫፍ ይለቀቁበታል፤ የተሸነፈችው በድር ትጠቀለላለች። መምህራችን በክፍል ውስጥ ስንት የክብሪት ሳጥን እንደነጠቀ ራሱም አያውቀውም። ሴቶቹ ደግሞ የጉማሜላ አበባና ቅጠል በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ከውሃና ከሳሙና ጋር አሽተን፣ በፓፓያ ቅጠል ባዶ ዘንግ አረፋ እንነፋ ነበር። የፋብሪካ የአረፋ መጫወቻ ከዚያ ወዲህ ለልጆቼ ገዝቻለሁ፤ እንደ ጉማሜላው የሚለጠጥ አላየሁም።

አጨዳ ሲደርስ የጨዋታው ካርታ ይለወጣል። ሩዙ የሚሰጣው አስፋልቱ ላይ ስለሆነ ግማሹ መንገድ ለሳምንታት ይያዛል፤ ፓቲንቴሮ ይቀርና ልጆች ዶሮ አባራሪ ይሆናሉ። በለውጡ የታጨደው ማሳ የእኛ ይሆናል። ካይት የሚበረው እዚያ ነው። ከቀርከሃ ስንጥርና ከጋዜጣ ይሠራል፣ ሙጫው ከድስት የተረፈ ሩዝ ነው፤ በጣት ሲዳመጥ ጋዜጣውን አጥብቆ ይይዛል። ሜይ 15 የገበሬዎቹ ጠባቂ ቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ነው። በበዓሉ ቅባት በተቀባ ቀርከሃ ላይ ወንዶች ይወጣሉ፣ ጫፉ ላይ ገንዘብ አለ። ለእኛ ለትንንሾቹ ደግሞ መጫወቻና ከረሜላ የተንጠለጠለበት የቀርከሃ መረብ ከላይ በገመድ ዝቅ ይደረግልናል፤ ልንይዘው ስንል ይሳባል። ገመዱን የያዘው ሰውዬ ለእኔ ትንሽ ዝቅ ያደርገው እንደነበር አሁንም እጠረጥራለሁ።

በፌብሩዋሪ 1986 መጨረሻ ላይ አባቴ ከሬዲዮው አልነሳ አለ። ማኒላ ውስጥ ሕዝቡ ኤድሳ የሚባለውን ጎዳና ሞልቶ ታንኮች ፊት ቆሟል ይባላል። ፕሬዚዳንት ማርኮስ በአራተኛው ቀን አገር ለቀው ወጡ። በሰፈራችን ሳምንቱን በሙሉ ካምፕ መማረክ የሚባለውን ጨዋታ ነበር የተጫወትነው፤ ሁሉም የተቃዋሚዎቹ፣ የቢጫ ለባሾቹ፣ ወገን መሆን ስለፈለገ ቡድን ማመጣጠን አስቸገረ። አባቴ ግን ሬዲዮውን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የደርግ ዘመን ነበር፤ ምን እንዳሰበ አልጠየቅነውም።

ሲመሽ ሁሉም ነገር በአንድ ደወል ያበቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ለኦራስዮን፣ ለምሽቱ ጸሎት፣ ሲደወል ቆርቆሮው ባለበት ይቀራል። ቤት የገባ ልጅ የትልልቆቹን እጅ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ ያስነካል። እናቴ ይህን ወደደችው፤ እሷ ጉልበት ስማ ያደገች ናትና ለልጆቼ ይሁንልኝ አለች። ከደወሉ በኋላ ውጭ የሚቆይ ልጅ ካለ ትልቅ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሲጋር የሚያጨሰው ጭራቅ፣ ካፕሬ፣ አለለት። በኩይሳ አጠገብ ማለፍም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ታቢ ታቢ ፖ ይባላል፣ ውስጡ ያለው ሽማግሌ እንዳይቆጣ። ወደ ማኪሊንግ ተራራ ጣት መቀሰርም አይደፈርም ነበር፤ የተራራዋ እመቤት ማሪያ ማኪሊንግ ታያለች። ከጎረቤት ካላምባ የተወለደው ሆሴ ሪዛል እንኳ አፈ ታሪኳን በ1890 ጽፎታል። ደወሉ የሚሻረው መብራት ጠፍቶ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ትልልቆቹም ደጅ ይቀመጣሉ፣ እኛም ድብብቆሽ እንጫወታለን፤ በጨረቃ የሚጋለጠው ጥላችን ስለሆነ መደበቅ የሚገባው ከራስ ጥላ ጭምር ነበር።

በ1988 ተመለስን። አባቴ ቀሪ የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን ከሩዝ ጋር አሳለፈ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ዛሬ የዘወትር ሰብል ሆኗል፣ ያኔ ግን ነገሩ ገና ጅምር ነበር። እኔ ማአሃስን መልሼ ያየሁት በ2018 ለሥራ ማኒላ በሄድኩ ጊዜ ነው። ካይት እናበርበት የነበረው ማሳ በግንብ ታጥሯል፤ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ውስጡ አንድ ዓይነት ጣሪያ ያላቸው ቤቶች። መንገዱ በትራይስክልና በመኪና ስለተጨናነቀ ቆርቆሮ ማቆም ቀርቶ መሻገርም ያስፈራል። ልጆቹ አንድ ፔሶ ሲጨመርበት ለጥቂት ደቂቃ በሚሠራ ኮምፒውተር ፊት ተደርድረዋል፤ ፒሶኔት ይሉታል።

የማገኘው ፊሊፒናዊ ሁሉ ጥፋቱን በስልክና በኮምፒውተር ያሳብባል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ የሄደው መሬቱ ነው። በ1988 የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሲወጣ ብዙ ባለ ርስቶች መሬታቸው ለጭሰኛ እንዳይከፋፈል ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ቤት ቦታነት አዞሩት፤ ከሳንታ ሮዛ እስከ ካላምባ ያለው የላጉና ሜዳ በፋብሪካ የተሞላው ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ማሳው ሲታጠርና መንገዱ ለመኪና ሲለቀቅ ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ፤ ስልኩ የመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲነሳ ደግሞ የፊሊፒንስ መንግሥት ከ21 ዓመት በታች ያሉትን ከቤት እንዳይወጡ አገደ፤ የትምህርት ቤቶች በር ለብዙው ልጅ ዝግ ሆኖ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነው። አዲስ አበባ የኳስ ሜዳውን ያጣ ሰው የመሬቱን ነገር ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጨዋታዎቹ ጨርሰው አልጠፉም። በየኦገስቱ በሚከበረው የብሔራዊ ቋንቋ ወር ትምህርት ቤቶች ፓቲንቴሮና የጆንያ ሩጫ ያዘጋጃሉ፤ ባለ ፉጨት ዳኛ፣ የተጻፈ ሕግ፣ የምስክር ወረቀት አለው። ባለሥልጣኖቹን አልነቅፍም፤ ከምንም ይሻላል። ግን ኩያው ለራሱ ቡድን የማይፈርድበት ፓቲንቴሮ ለእኔ ሌላ ጨዋታ ነው።

በ1980ዎቹ በሎስ ባንዮስ ተማሪ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፤ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉም ዛሬ ጠይቋቸው። የእኔ አባት አርፏል። እናቴ ግን አለች፤ ሱንካም ትጫወታለች፣ ተወዳዳሪ ትፈልጋለች።